የተቃጠለው ቤት የማን ነበር?

ቤት ሁለት ባለቤት አለው። አንደኛው የሚኖርበት ነው፤ ሁለተኛው የሠራው ነው። የመጀመሪያው ባለቤትነት በሰነድ ይጻፋል፣ በፍርድ ቤት ይጸናል፣ ለልጅ ይወረሳል፣ በገንዘብ ይለወጣል። ሁለተኛው ግን የሚጻፍበት መዝገብ የለውም። አናጢው የመጨረሻውን ምስማር መትቶ፣ ግንበኛው የመጨረሻውን ጡብ አስተካክሎ፣ ዋጋቸውን ተቀብለው በአጥሩ በር ሲወጡ ስማቸውም አብሯቸው ይወጣል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ «የእገሌ ቤት» ይለዋል እንጂ «እገሌ የሠራው ቤት» አይለውም። ይህ የተለመደ ነገር በመሆኑ ማንም አይደነቅበትም። ይሁን እንጂ ቤቱ ዕድሜ ጠግቦ የአንድ ሕዝብ ቅርስ ነው መባል ሲጀምር፣ ወይም አንድ ሌሊት በእሳት ሲጋይ፣ የተረሳው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ለመሆኑ የጠፋው የማን ሀብት ነው? ሊያዝን የሚገባውስ ማን ነው?

በሐምሌ 2025 መጀመሪያ ላይ በካሪቢያን ባሕር፣ በሃይቲ ዋና ከተማ በፖርት ኦ ፕሪንስ አንድ አሮጌ ቤት ተቃጠለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያቃጠሉት የከተማይቱን አብዛኛውን ክፍል በጦር መሣሪያ ኃይል የያዙ የወንበዴ ቡድኖች ነበሩ። ቤቱ ኦሎፍሰን ሆቴል ይባል ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ በሃይቲ ምድር ከነበሩት የክሪዮል ቤቶች ሁሉ ስሙ በዓለም የታወቀው እርሱ ነበር። ዛፍ በበዛበት ግቢ ውስጥ ከፍ ብሎ የቆመ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ሾጣጣ ጉልላቶችና ሰፊ በረንዳ ያሉት ነበር። የበረንዳው መደገፊያ፣ የጣሪያው ጠርዝና የመስኮቶቹ ግንባር በመጋዝ እየተፈለፈሉ እንደ ጥበብ ቀሚስ ጥለት ያጌጡ ነበሩ።

እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ በሰው ልቡና ውስጥ ሁለት ሐሳብ ይጋጫል። አንደኛው ለጠፋው ውበት ያዝናል። ሌላው ደግሞ ይገሥጻል፤ «ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍባት ከተማ ለእንጨት ማልቀስ ምን የሚሉት ነው? ያውም ለባለጸጋ ቤት!» ይላል። ሁለቱም ሐሳብ ከክፋት የመነጨ አይደለም። ስለሆነም አንዱን አሽቀንጥሮ ጥሎ ሌላውን ከመያዝ በፊት፣ ቤቱ ምን እንደ ነበረና በምን እንደ ቆመ መመርመር ይገባል። መልሱ ከሐሳብ ክርክር ይልቅ በራሱ በቤቱ ታሪክ ውስጥ ይገኛልና።

ክሪዮል የሚለው ቃል ከአሮጌው ዓለም መጥቶ በአዲሱ ዓለም የተወለደውን ሁሉ ያመለክታል። ሰውም፣ ቋንቋም፣ ምግብም፣ ሙዚቃም ክሪዮል ሊሆን ይችላል። ከአፍሪካ በመርከብ ታጭቀው የተወሰዱ ሰዎች የየነገዳቸውን ቋንቋ እንዳይናገሩ በእርሻው ላይ ሆን ተብሎ ተደባለቁ። እነርሱም የጌቶቻቸውን የፈረንሳይኛ ቃላት ወስደው በራሳቸው የአነጋገር ሥርዓት አስገብተው አዲስ ቋንቋ ፈጠሩ። የሃይቲ ሕዝብ በሞላ የሚናገረው ይህ ቋንቋ ከፈረንሳይኛ ጎን ለጎን የመንግሥት ቋንቋ ለመሆን እስከ 1987 ሕገ መንግሥት ድረስ መጠበቅ ነበረበት። የቤቱም ታሪክ እንደ ቋንቋው ነው። ከፈረንሳይ የመጣ የጣሪያ ቅርጽ፣ በአናጢው እጅ ውስጥ የነበረ የአፍሪካ ትዝታና የደሴቲቱ ነባር ሕዝብ የጎጆ አሠራር ተገናኝተው፣ በዚያ ሙቀትና በዚያ ዐውሎ ነፋስ ውስጥ ለመኖር የሚበጅ ቤት ወለዱ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ቭላች በ1970ዎቹ እንዳስረዳው፣ የሃይቲ ድሃ ሰው ትንሿ ጠባብ ቤት፣ ከፊት ለፊቷ በረንዳ ያላት፣ ክፍሎቿ በአንድ መስመር የተደረደሩት፣ ሥሯ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ድረስ ይሄዳል።

እንግዲህ የባለጸጋው ትልቅ ቤት ከዚህች ትንሽ ቤት የራቀ አልነበረም። እርግጥ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ዦርዥ ቦሳን፣ ሌዎን ማቶንና ዩዤን ማክሲሚልያን የተባሉ ወጣት ሃይቲያውያን ፓሪስ ድረስ ሄደው የሕንፃ ጥበብ ተምረዋል፤ ሲመለሱም በዘመኑ አውሮፓ የተወደደውን የጌጥ ዓይነት ይዘው መጥተዋል። ነገር ግን በወረቀት የተሣለውን ወደ እንጨት የለወጡት በከተማይቱ የነበሩ አናጢዎች ናቸው። ጣሪያውን እጅግ ከፍ አድርገው ሠሩት፤ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ወጥቶ በጉልላቱ ቀዳዳ እንዲያመልጥ ነው። በሮቹና መስኮቶቹ ፊት ለፊት እንዲተያዩ አደረጉ፤ ከባሕር የሚመጣው ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ነው። መስኮቶቹን በመስተዋት ከመድፈን ይልቅ እንደ ቅጠል የተደራረቡ ስስ ሣንቃዎች ያሏቸው መዝጊያዎች አበጁላቸው፤ ፀሐይን ከልክለው ነፋስን እንዲያሳልፉ ነው። ወለሉን ከመሬት ከፍ አደረጉት፤ ጎርፍና እርጥበት እንዳያገኘው ነው። ተመልካች ጌጥ ብቻ መስሎ የሚታየው ብዙው ነገር ሥራ ነበረው። ውበቱ ከጥቅሙ ላይ የተለጠፈ አልነበረም፤ ከጥቅሙ ውስጥ የበቀለ ነበር።

ይህ የቤቱ አንደኛው ገጽታ ነው። ሁለተኛው ገጽታ ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለው ነው።

ሃይቲ በ1791 በተነሣው የባሮች አብዮት ጌቶቿን አባርራ በ1804 ነፃነቷን ያወጀች የመጀመሪያዋ የጥቁር ሕዝብ ሪፐብሊክ ናት። ሰንሰለቱን በገዛ እጁ የበጠሰ ሕዝብ ነፃነቱን በገንዘብ እንዲገዛ መገደዱ ግን በታሪክ ከታዩት ግፎች ሁሉ የከፋው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከቦቿን ልካ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ጠየቀች። ካሣው የሚከፈለው ለቀድሞዎቹ ባለ እርሻዎች ሲሆን፣ «ጠፋብን» ካሉት ንብረት መካከል ሰዎቹ ራሳቸው ይቆጠሩ ነበር። በ1838 ድምሩ ወደ 90 ሚሊዮን ቢቀነስም፣ ይህን ለመክፈል የተወሰደው ብድር ብድርን እየወለደ የመጨረሻው ሒሳብ የተዘጋው በ1947 ነው። ያን ሁሉ ዕዳ የተሸከመው በተራራ ላይ ቡና የሚለቅመው ገበሬ ነበር። መንግሥት ግብሩን የሚሰበስበው በወደብ ላይ ከሚወጣው ቡና ነውና። ከዚያው ቡና፣ ከዚያው ወደብ፣ ከዚያው ግምጃ ቤት የተረፈው ደግሞ በፖርት ኦ ፕሪንስ ኮረብታዎች ላይ፣ በፓኮና በቱርዦ ሰፈሮች፣ ጉልላት ያላቸው ነጫጭ ቤቶች ሆነ።

ኦሎፍሰን የተባለውም ቤት አስቀድሞ የሳም ቤተሰብ መኖሪያ ነበር። ከዚህ ቤተሰብ ቲሬዝያስ ሲሞን ሳም ከ1896 እስከ 1902 አገሪቱን በፕሬዚዳንትነት ገዛ። በእርሱ ዘመን የመንግሥትን ዕዳ ለማጠቃለል በተደረገው ሥራ ላይ ከባድ ማጭበርበር ተፈጽሞ ኖሮ፣ ተከታዩ መንግሥት በ1904 ታላቅ የፍርድ ሒደት አካሄደ። የተፈረደባቸውም የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። የሚያስገርመው ግን ከነዚያ ፍርደኞች ሦስቱ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ተራ በተራ ፕሬዚዳንት መሆናቸው ነው። ከሦስቱ የመጨረሻው የዚያው ቤተሰብ አባል ቪልብሩን ጊዮም ሳም ነበር። እርሱም በሐምሌ 1915 እስረኞች 167 ያህል የፖለቲካ ሰዎች በወኅኒ ቤት በተገደሉ ማግስት፣ ከተሸሸገበት ከፈረንሳይ ሌጋሲዮን ተጎትቶ ወጥቶ በቁጣ በገነፈለ ሕዝብ እጅ ሞተ።

በዚያው ቀን የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ወደ ሃይቲ ምድር ወረደ፤ እስከ 1934ም ሳይወጣ ቆየ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። የሳም ቤት የወራሪው ጦር ሆስፒታል ሆነ። በዚያ በረንዳ ላይ የውጭ አገር ወታደሮች ከሕመማቸው ሲያገግሙ፣ በገጠር ያለው ገበሬ በገመድ እየታሰረ ያለ ዋጋ መንገድ እንዲሠራ ይነዳ ነበር። የገበሬዎቹን ዐመፅ የመራው ሻርልማኝ ፔራልት በ1919 ተገደለ። እንግዲህ ለነፋስ ማለፊያ ተብሎ የተከፈተው መስኮት፣ ለቤተሰብ ጨዋታ ተብሎ የተዘረጋው በረንዳ ለወራሪ አገለገለ። እንጨት ማንን እንደሚያገለግል አይመርጥም። የሚመርጠው ሰው ነው።

ሃይቲያውያን ቤቱ የተወሰደበት ሰው ምን እንደሚሰማው ከዚህ የተነሣ አልረሱም። ወራሪው ጦር በወጣ በዓመቱ፣ በ1935፣ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር፣ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ላይ ቆሞ ወረራውን ካወገዙት ጥቂት ድምፆች አንዱ የሃይቲው መልእክተኛ የጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ድምፅ ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያ ላይ የደረሰው ነገ በማንኛውም ላይ ሊደርስ እንደሚችል ኃያላኑን አስጠንቅቋል። ታላላቆቹ መንግሥታት በሚያመነቱበት ሸንጎ ትንሽቱ ደሴት ደፍራ የተናገረችው፣ ነገሩን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ በረንዳዋ ስለ ተማረችው ነው።

በ1930ዎቹ አጋማሽ ቤቱን ዋልተር ኦሎፍሰን የተባለ የመርከብ አለቃ ተከራይቶ ሆቴል አደረገው፤ ስሙንም ሰጠው። እነሆ የሠሩት ሰዎች ስም የጠፋበት ቤት በተከራየው ሰው ስም ሲጠራ ዘጠና ዓመት ኖረ። እንግሊዛዊው ደራሲ ግሬሃም ግሪን በ1966 ባሳተመው ልብ ወለድ በፍራንሷ ዱቫልየ አገዛዝ ሥር የነበረውን ፍርሃት ሲገልጽ የታሪኩን ሆቴል የቀረጸው ከዚህ ቤት ነው፤ አምባገነኑም መጽሐፉን የሚያወግዝ ጽሑፍ እስከ ማሳተም ደርሷል። ከውጭ የመጡ ደራሲዎች፣ ተዋንያንና ዘፋኞች በቤቱ አርፈዋል፤ ክፍሎቹም በእነርሱ ስም ተሰይመዋል። በአናጢ ስም የተሰየመ ክፍል ግን አልተሰማም። የእነዚህ ቤቶች የወል መጠሪያ እንኳ በ1950ዎቹ ከአሜሪካውያን ቱሪስቶች የመጣ ነው። በአገራቸው ያሉትን በተመሳሳይ ጌጥ የተሞሉ አሮጌ ቤቶች ስላስታወሷቸው፣ በዝንጅብል ኬክ ስም «ጂንጀርብሬድ» አሏቸው። ለእንግዳው ዐይን ቤቱ የሚጣፍጥ ነገር ነበር። ለሠራው እጅ ግን ጥበብ ነበር።

ይህን ሁሉ ካወቁ በኋላ ወደ ጥያቄው መመለስ ይቻላል። «ይቃጠል፣ ምን ገዶን!» የሚለው ወገን ማስረጃ አያጣም። የገበሬው ላብ የቆመበት፣ የሕዝብ ግምጃ ቤት በዘረፉ ሰዎች የተኖረበት፣ ወራሪ የታከመበት፣ ባዕድ የተዝናናበት ቤት ነው። ድሃው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ከማየት በቀር ምን ዕድል ነበረው? ቅርስ የሚሉት ቃል የባለጸጋን ንብረት በድሃ ገንዘብ ለማስጠገን የተፈጠረ ዘዴ አይደለምን? ይህ አነጋገር መራራ ቢሆንም ውስጡ እውነት አለ። በብዙ አገር ቅርስ ተብሎ የሚጠበቀው ግንብ የገዢው ነው፤ የተገዢው ጎጆ በየክረምቱ ፈርሶ በየበጋው ይረሳል።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ውበት ኃጢአት የለውም» ይላል። ጌቶች ያልፋሉ፣ ሥራው ይቀራል፤ የሰሪውም የባለቤቱም ግፍ ከጊዜ ጋር ታጥቦ የሚቀረው ጥበቡ ብቻ ነው ይላል። ይህም አነጋገር ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን አደጋ አለበት። ግፍ በራሱ ጊዜ አይታጠብም፤ የሚታጠበው ትውስታ ነው። ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ሳይነገር በረንዳው ብቻ የሚደነቅ ከሆነ፣ አድናቂው ሳያውቀው ከቤቱ ጌታ ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጧል።

ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ የተቃረኑ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ስሕተታቸውም እዚያው ላይ ነው። ሁለቱም ቤቱን የጌታው ነው ብለው ተቀብለዋል። አንዱ የጌታው ስለሆነ ይጥፋ ይላል፤ ሌላው የጌታውን ኃጢአት ረስተን ቤቱን እናድን ይላል። በበሩ ስለ ወጡት አናጢዎች ግን አንዳቸውም አልጠየቁም። በእውነቱ የሳም ቤተሰብ በዚያ ቤት ላይ ምን ጨመረ? ገንዘብ። ገንዘቡም የራሱ አልነበረም። ቋሚውን ከወራጁ ያጋጠመ፣ ለነፋሱ መንገድ ያበጀ፣ እንጨቱን እንደ ጥልፍ የፈለፈለ ግን ጥበቡ የገዛ ራሱ ነበር። እንግዲህ ቤቱን ለጌታው ኃጢአት ሲሉ ማቃጠል፣ አንድ ጊዜ ስሙን የተቀማውን ሠራተኛ ሁለተኛ ጊዜ ሥራውን መቀማት ነው። በጌታው ስም እያሞገሱ ማኖርም እንዲሁ ስርቆቱን ማጽደቅ ነው።

ይህ የፍልስፍና ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የጃንዋሪ 12 ቀን 2010 የመሬት መንቀጥቀጥ በጽኑ አስረድቷል። በዚያች ቀን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ፖርት ኦ ፕሪንስ ፈረሰች፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕይወት ጠፋ። ብዙውን ሰው የገደለው የወደቀ ኮንክሪት ነበር። ከፓሪስ ተመልሰው ከነበሩት አርክቴክቶች አንዱ ቦሳን የነደፈው፣ በ1920 የተጠናቀቀው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሳይቀር ጉልላቱ ወደ ውስጥ ሰምጦ ተደረመሰ። ነጩ የእንጨት ቤት ግን ቆሞ ተገኘ። በዚያው ዓመት ጥናት ያደረጉ ባለሙያዎች እንደ ገመቱት፣ ከአሮጌዎቹ ጂንጀርብሬድ ቤቶች ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል የፈረሱት 5 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ ሕንፃዎች ግን የፈረሱት 40 በመቶ ያህል ነበሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። እንጨቱ ሲገፋ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም፤ በእንጨቶቹ መካከል የተሞላው ጡብ በኖራ ጭቃ ስለ ተያያዘ እርስ በርሱ እየተፋተገ የመሬቱን ኃይል ያበርዳል። አናጢው ይህን በቀመር አላሰላውም ይሆናል። በእጁ ግን ያውቀው ነበር።

ታዲያ ይህ ዕውቀት የት ገባ? በ1925 የከተማይቱ አስተዳደር የእሳት አደጋን ለመከላከል በእንጨት ቤት መሥራትን ከለከለ። ክልከላው በራሱ ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ ፖርት ኦ ፕሪንስ ደጋግማ የተቃጠለች ከተማ ነበረች። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ የሥልጣኔ ምልክት ሲሚንቶ ሆነ። ድሃውም ባለጸጋውን አይቶ፣ አቅሙ በፈቀደለት ቀጭን ብረትና አሸዋው በበዛበት ኮንክሪት ከባድ ጣሪያ በራሱ ላይ ደፋ። የአያቱ ሙያ ኋላ ቀር ተብሎ ተናቀ፤ ልጅ ከአባት መማሩን ተወ። ከ85 ዓመት በኋላ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የዚያ ንቀት ዋጋ በሰው ሕይወት ተከፈለ። አዲሱ ሁሉ ይጠላ ለማለት አይደለም፤ በሥርዓት የተሠራ ኮንክሪት የመሬት መንቀጥቀጥን ይቋቋማል። ለማለት የተፈለገው፣ አንድ ሕዝብ በእጁ ያለውን ጥበብ የጌቶች ጌጥ አድርጎ ከቆጠረው፣ ጥበቡ ሊያድነው በሚችልበት ሰዓት አያገኘውም ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንዳስታወቀው በ2024 ብቻ በሃይቲ ከ5,600 በላይ ሰዎች በወንበዴዎች ዐመፅ ተገድለዋል፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከቤታቸው የተፈናቀሉት ቁጥር ከ1 ሚሊዮን አልፏል። በዚህ መካከል ስለ አንድ ሆቴል ማዘን ይገባልን? ሰው ከቤት ይበልጣል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። አንድ ሕፃንና ያ ቤት በእሳት ውስጥ ቢሆኑ ቤቱ ይቃጠል፣ ሕፃኑ ይውጣ። ነገር ግን ሕይወት ሁልጊዜ እንዲህ ያለውን ምርጫ አታቀርብም። ቤቱን ያቃጠሉት ቤቱን ሰጥተው ሰውን አላዳኑም። ሰውን የሚገድለው እጅና ቤቱን ያጋየው እጅ አንድ ነው። ስለዚህ ለሟቹ የሚያዝንና ለቤቱ የሚያዝን ሰው በአንድ ኀዘን ላይ ተቀምጠዋል እንጂ አይቀማሙም። ሰው የሚሞተው አንድ ጊዜ ቢሆንም፣ የኖረበትን የሚመሰክር ሥራው ሲጠፋ ከትውልድ ትዝታም ይሞታል። ሰንሰለት በጥሶ ከወጣ ሕዝብ በኋላ ከ80 ዓመት ገደማ የልጅ ልጆቹ በእጃቸው ምን መሥራት እንደ ቻሉ የሚመሰክር ሥራ ነበር የነደደው።

«ሞኝ የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል» የሚል ተረት አለ። ሰሚ ሁሉ በሞኙ ይስቃል። ይሁንና ከሣቁ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ነበረበት፤ ለዚያ ሰው ቤቱ የአባቱ መሆኑን የነገረው ማን ነው? ቤቱ የሳም ነው ተብሎ ከተነገረው፣ ቀጥሎ የወራሪው፣ ቀጥሎ የመርከብ አለቃው፣ ቀጥሎ የቱሪስቱ ነው ከተባለ፣ በሰፈሩ የሚያድገው ልጅ ቤቱን በምን ዐይኑ የኔ ነው ይለዋል? የባዕድ ነው የተባለ ነገር ሲቃጠል ውኃ ይዞ የሚሮጥ የለም። የእሳቱ ጥፋት የለኮሰው ሰው ነው፤ ለእሳቱ ግን ማገዶውን ያደረቀው ለረጅም ዘመን የተነገረው የተሳሳተ የባለቤትነት ታሪክ ነው።

በዚህ ረገድ ቤቱ ራሱ በመጨረሻዎቹ አሠርት ዓመታት ሌላ መንገድ ጠቁሞ ነበር። በ1987 ሆቴሉን የተረከበው ሙዚቀኛ ሪቻርድ ሞርስ ራም የተባለ የሙዚቃ ቡድን አቋቁሞ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ በዚያው ቤት የሕዝቡን ከበሮና የገጠሩን ዜማ በክሪዮል ቋንቋ ያሰማ ነበር። በ1991 መፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ ቡድን ከዘፈኖቻቸው አንዱን አገደ። ከአጥር ውጭ ይቀር የነበረው ድምፅ በበረንዳው በኩል ገባ ማለት ነው። ቤት ጌታውን ሊለውጥ እንደሚችል፣ እንጨቱ ሳይነካ ትርጉሙ ሊነጻ እንደሚችል ይህ አንድ ምልክት ነበር። ምልክቱ ግን ከአንድ ግቢ አልፎ የከተማው ሁሉ ትምህርት ለመሆን አልደረሰም።

ሌላው ምልክት የተሻለ ነው። ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ ፎካል በሚል አጽሕሮት የሚታወቀው የሃይቲ የባህልና የትምህርት ድርጅት ሜዞን ዱፎር የተባለውን አሮጌ ቤት ገዝቶ ሲያስጠግን፣ ቤቱን ማደስ ብቻ ዓላማው አላደረገም። ግቢውን ትምህርት ቤት አደረገው። ወጣት አናጢዎችና ግንበኞች የበሰበሰውን ቋሚ እያወጡ አዲሱን ሲያጋጥሙ፣ ኖራ ሲያቦኩ፣ የጣሪያውን ጌጥ በአሮጌው ልክ ሲፈለፍሉ ሙያውን ተማሩ። ቅርስን የመጠበቅ ትክክለኛው ትርጉም እዚህ ላይ ይገኛል። የታደሰው ግድግዳ ነገ ሊቃጠል ይችላል፤ በሃያ ወጣቶች እጅ ውስጥ የገባውን ሙያ ግን አንድ ክብሪት አያጠፋውም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መደምደሚያ ሦስት ነገሮችን የያዘ ነው። አንደኛ፣ የአሮጌ ቤት ታሪክ ሲነገር ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ሳይሸሸግ ይነገር። የቡናው ገበሬ ከበረንዳው ጌጥ ጋር አብሮ ካልተጠራ ታሪኩ ግማሽ ነው። ሁለተኛ፣ የሠሪው ሙያ ከጌታው ስም ይቅደም። ስሙ ቢጠፋ እንኳ ሥራው ይናገራልና፣ መምህር ተማሪዎቹን ወደ አሮጌ ቤት ሲወስድ «ማን ኖረበት?» ከማለቱ በፊት «እንዴት ቆመ?» ብሎ ይጠይቃቸው። ሦስተኛ፣ ጥገና ሁሉ ሙያን የሚያወርስ ይሁን። ሙያ ያላወረሰ ጥገና ሬሳን እንደ ማሳመር ነው፤ መልኩ ይቆያል፣ ነፍሱ የለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ እንግዲህ መልስ አግኝቷል። የተቃጠለው ቤት በሰነድ የሳም ነበረ፤ በስም የኦሎፍሰን ነበረ፤ በዕዳ የቡናው ገበሬ ነበረ፤ በጥበብ የአናጢው ነበረ። ከአራቱ ባለቤቶች እሳት ሊወርሰው ያልቻለው የመጨረሻው ድርሻ ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን ያለው በአመድ ውስጥ አይደለም። በሜዞን ዱፎር ግቢ እንጨት መጋጠም የተማረው ወጣት መጋዙን ካላስቀመጠ፣ ከእርሱም ሌላ አንድ ልጅ ከተማረ፣ ድርሻው ገና በሕይወት አለ።